ቁጥሩና ዓይኑ፦ የቆዩ የአሜሪካ ሳንቲሞች ደረጃ እንዴት ይሰጣል?



የዛሬው ርእስ በመጀመሪያ እይታ የሰብሳቢዎች መዝናኛ ሊመስል ይችላል። አንድ የቆየ የአሜሪካ ሳንቲም ምን ያህል እንደተጎዳ ወይም እንደተጠበቀ ከ1 እስከ 70 ባለ ቁጥር ይገለጻል። ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ቁጥሩ ልኬት መስሎ የሚቀርብ ፍርድ ስለሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቁጥሩ በፊት ሳንቲሙን እንይ። ጥፍጥፉ ብረት በሁለት ማተሚያዎች መካከል ሲመታ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ ሲፈስስም በዓይን የማይለዩ ደቃቅ መስመሮች ይተዋል። አዲስ ሳንቲም በመብራት ሥር ሲዞር እንደ መንኰራኵር የሚሽከረከረው ጸዳል የሚመጣው ከእነዚህ መስመሮች ነው። መስመሮቹ በእጅና በኪስ ሲተሻሹ ይጠፋሉ፤ ከጠፉም በኋላ ማንም አይመልሳቸውም። ሳንቲሙን ወልውሎ ማብረቅረቅ ይቻላል፤ የሚገኘው ግን ሌላ ብርሃን ነው፤ አጉሊ መነጽር የያዘ ሰውም ወዲያውኑ ጭረቶቹን ያያል።

መተሻሸት የሚጀምረው ከፍ ካለው ቦታ ነው። ከ1878 እስከ 1904 ከዚያም እንደገና በ1921 የታተመውን የሞርጋን ዶላር ውሰዱ፤ ዘጠና በመቶ ብር ነው፣ ክብደቱ 26.73 ግራም። መጀመሪያ የሚለሰልሰው ከሴቲቱ ጆሮ በላይ ያለው ፀጉርና በጀርባው ያለው የንስሩ ደረት ነው። ይሁን እንጂ በኒው ኦርሊንስ የታተሙት ብዙዎቹ በደካማ ምት የተመቱ በመሆናቸው ያ ፀጉር ከመጀመሪያውም ጠፍጣፋ ነው። ጀማሪ ይህን አይቶ «ብዙ የተዘዋወረ ነው» ይላል። መለያው ጸዳሉ ነው። ጠፍጣፋው ቦታ እንደ አካባቢው የሚያበራ ከሆነ ጉድለቱ ከትውልዱ ነው፤ ከፈዘዘና ከገረጣ ግን በኑሮ የመጣ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ግማሹ በዚህች ልዩነት ውስጥ አለ።

በተቃራኒው ደግሞ ከግምጃ ቤት ሳይወጡ የኖሩ ዶላሮች አሉ። አንድ ሺህ እየሆኑ በሸራ ከረጢት ሲጫኑና ሲወርዱ እርስ በርስ ስለሚጋጩ የሴቲቱ ጉንጭ ይቧጠጣል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያልዋለ ባለ 60 ደረጃ ሳንቲም፣ ጥቂት ከተዘዋወረ ባለ 55 ይልቅ አስቀያሚ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ደረጃው የሚመልሰው «ተዘዋውሯል ወይስ አልተዘዋወረም?» የሚለውን ጥያቄ እንጂ «ያምራል ወይ?» የሚለውን አይደለም።

ንድፉም ራሱ ያታልላል። በ1916 በወጣው፣ ቆማ የምትታይ ሴት ባለችበት የሩብ ዶላር ሳንቲም ላይ ዓመተ ምሕረቱ ከፍ ብሎ የተቀረጸ ስለነበር ከሁሉ በፊት ይጠፋ ነበር። በ1925 ቦታውን ዝቅ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ የታተሙት ቀኑን ይዘው ቆዩ። ከ1892 ጀምሮ በወጡት የባርበር ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በራስ ማሰሪያው ላይ ያለው «ነጻነት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንደ መሰላል ያገለግላል። ሁሉም ፊደላት ደብዝዘውም ቢሆን ከተነበቡ ሳንቲሙ ወደ 12 ይጠጋል፤ ሦስት ያህል ብቻ ከቀሩ ወደ 8 ይወርዳል። ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የማርትሬዛን ብር ሲቀበሉ የአገራችን ነጋዴዎች የንግሥቲቱን የዘውድ ጌጥና የትከሻዋን ፈርጥ ነጥቦች ይመረምሩ ነበር፤ የደበዘዘውንም አይቀበሉም ነበር። ቁጥር አልሰጡትም እንጂ ደረጃ ሰጥተውታል።

ቁጥሩ ታዲያ ከየት መጣ? በ1949 ዊልያም ሼልደን ከ1793 እስከ 1814 ስለታተሙት ትልልቅ የመዳብ ሴንቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሼልደን የሥነ ልቡና ሰው ነበር፤ የሰውን አካል ቅርጽ በቁጥር መድቦ ጠባዩን ለማወቅም የሞከረ ነው። በሳንቲሙ ላይ ያደረገው ቀላል ነበር፤ እጅግ ያለቀ የ1794 ሴንት አንድ ዶላር ካወጣ፣ እንከን የለሹ ሰባ ዶላር ያወጣል አለ። እንግዲህ 70 የተባለው የብዜት ቁጥር፣ ማለትም ዋጋ ነበር። ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ተለወጠ፤ ስሌቱ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የኑሚስማቲክስ ባለሙያዎች ለመዳብ ሴንት የተበጀውን መሰላል ለብርና ለወርቅ ሳንቲም ሁሉ አዋሉት። በ10 እና በ20 መካከል ያለው ርቀት በ64 እና በ65 መካከል ካለው ጋር በምንም ስሌት አይወዳደርም፤ በገበያ ግን የኋለኛው አንድ ነጥብ አንዳንዴ ዋጋን በብዙ እጥፍ ያንራል።

ሼልደን ከሞተ በኋላ ደግሞ ከባድ ነገር ተገለጠ። በኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የኑሚስማቲክስ ማኅበር ስብስብ ውስጥ የነበሩ ምርጥ ሴንቶችን ወስዶ፣ ተመሳሳይ ዓይነት የሆኑ ዝቅተኛ ሴንቶችን በምትካቸው ማስቀመጡ ተረጋገጠ። ማስረጃ ከሆኑት አንዱ የቆዩ ፎቶግራፎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሴንት የራሱ ጭረትና ጠባሳ አለውና። የደረጃ ቁጥር ይህን ሊያጋልጥ አይችልም፤ ቁጥር አንድን ሳንቲም ከመሰሎቹ ጋር ይደምራል እንጂ ለይቶ አያሳውቅም።

ከ1986 ወዲህ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ሳንቲሙን በፕላስቲክ አሽገው ቁጥሩን በላዩ ይጽፋሉ። ገዢና ሻጭ ራሳቸው ዳኛ ከሚሆኑ ሦስተኛ ወገን ቢፈርድ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ባለቤቶች ማሸጊያውን ሰብረው ያንኑ ሳንቲም እንደገና ይልካሉ፤ አንዳንዴም ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ሳንቲሙ አልተለወጠም። እኔ የምመርጠው የመዳብ ሴንት ሰብሳቢዎችን ልማድ ነው፤ እነርሱ በመጀመሪያ የቅርጹን ጥራት ይመዝናሉ፣ ከዚያ ለዝገቱና ለጭረቱ ይቀንሳሉ፣ ሁለቱንም ይጽፋሉ። የሚቃወማቸው ሰው በየትኛው ላይ እንደማይስማማ ያውቃል።

አሁን ትሪው ሲዞር፣ እያንዳንዳችሁ መጀመሪያ ያያችሁትን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ቁጥሩን ከዚያ በኋላ፣ ጎረቤታችሁ የጻፈውን ሳታዩ። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ያዙ፤ መብራቱንም ከጎን አድርጉት።