የቲማቲም ችግኝን ከፀሐይና ከብርድ ጋራ ስለ ማለማመድ



በዳስ ጥላ ሥር ያደገ የቲማቲም ችግኝ ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ ለስላሳ፤ ግንዱም ውኃ የሞላበት ስለ ሆነ በአንድ ቀን ወደ ሜዳ ቢወጣ ይጠወልጋል፤ ከአንድ ወር የበለጠ ድካምም ከንቱ ይቀራል። የፎገራ ሜዳ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሌሊቱ ይራራለታል። በደብረ ታቦር ግን ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳልና ቀኑ ያቃጥላል፤ ሌሊቱም ይበርዳል።

ስለዚህ ችግኙ ከመደብ ሳይነቀል ከ7 እስከ 10 ቀን ይለማመድ። በመጀመሪያው ቀን ዳሱን ለጧት ፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ክፈቱለት፤ በየቀኑም ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፤ በመጨረሻም ሌሊቱን ያለ ክዳን ይደር። ውኃውንም ቀንሱ፤ ፈጽሞ እስኪጠወልግ ግን አታስጠሙት። ልጆች ከፍቅር የተነሣ ማጠጣት ያበዛሉና መምህሩ ይጠብቅ።

ይሁን እንጂ ማለማመድ ከውርጭ አያድንም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ያለ እንደ ሆነ ውርጭ ይጥላልና በዚያ ማታ ዳሱን መልሳችሁ አልብሱት። ወደ እርሻው የሚዛወረውም ደመና ባለበት ቀን፤ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን።