ራውተራችን «ጥቃት» ሲል ምን ማለቱ ነው?
(በአባላት ስብሰባ ላይ በማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በቢሯችን የዋይፋይ ራውተር የጥበቃ መዝገብ ላይ «አታክ» የሚል ቃል ደጋግሞ ታይቷል። ወሬው ወገዳና ንፋስ መውጫ ሲደርስ «ብሩ ተዘረፈ» ሆኗል። ቁጠባዬን መልሱልኝ ያሉ እናቶችም አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ከእንቁላልና ከቅቤ ሽያጭ ተቆንጥሮ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር፦ የባንኩን መግለጫ ከመዝገባችን ጋር አመሳክሬአለሁ፤ አንድ ብር አልጎደለም።

እኔ የሂሳብ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ይህም ግን መዝገብ ነው፤ መዝገብ ደግሞ በየዓምዱ ይነበባል። በእያንዳንዱ መስመር ቀንና ሰዓት፣ የሙከራው ዓይነት፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የአይፒ ቁጥርና የተነካው የፖርት ቁጥር አለ። ፖርትን እንደ በር ቁጠሩት። «ፖርት ስካን» ሲል አንድ ማሽን በሮቹን እየነካ ያልተቆለፈውን ፈልጓል ማለት ነው። ራውተሩ ከልክሎ የመዘገበው ሙከራ፣ ፊርማው አልመሳሰል ብሎ ባንክ እንደመለሰው ቼክ ነው፤ ተሞክሯል፣ ገንዘብ ግን አልወጣም።

«እኛን በጋይንት ማን ያውቀናል?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። አንኳኪው አያውቀንም። በብዛት የሚሠራባቸው የአይፒ ቁጥሮች 4.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ በተባለ ፕሮግራም አንድን በር በዓለም ዙሪያ በ45 ደቂቃ ገደማ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ አዲስ አበባም ይሁን ስማዳ፣ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ሁሉ ይንኳኳል። አንዳንዴም ራሳችን ከከፈትነው ገጽ ዘግይቶ የመጣን መልስ ራውተሩ «አታክ» ብሎ ይጽፈዋል።

ይህ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ አከሸፍኩት ካለው ጥቃት የተለየ ነው። ያን ጊዜ ሳይበር ሆረስ የተባለው የግብፅ ቡድን በሕዳሴው ግድብ ሰበብ የኢትዮጵያን ተቋማት ለይቶ አነጣጥሮ ነበር። የእኛ አንኳኪ ግን ያገኘውን በር ሁሉ የሚነካ ነው።

ቢሆንም በር ከፍተን እንተኛ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም እጅግ ብዙ የቤት ራውተሮችንና ካሜራዎችን ያዘ። የያዘው ሰብሮ ሳይሆን፣ «አድሚን»ን የመሳሰሉ 60 ያህል የፋብሪካ የይለፍ ቃላትን እየሞከረ ነው። በሩ የተከፈተለት ባለቤቶቹ ባልቀየሩት ቁልፍ ነበር።

እንግዲህ ሊያስደነግጠን የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ማናችንም ባልገባንበት ሰዓት ወደ ራውተሩ መቆጣጠሪያ ተገብቶ ከተገኘ፤ የማናውቀው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ ከታየ፤ እኛ ያልነካነው ማስተካከያ ተለውጦ ከተገኘ። ሰዓቱን ስታነቡ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም የራውተሩ ሰዓት ሊዛባ ይችላል።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ይህን ነው። የመቆጣጠሪያውም የዋይፋዩም የይለፍ ቃል ይቀየር፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይሁኑ። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚያስችለው ማስተካከያ ይዘጋ። የራውተሩ ሶፍትዌር ይታደስ። የቁጠባ መዝገባችን ቅጂ ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። በብዙ ራውተሮች መብራት ሲጠፋ መዝገቡም ስለሚጠፋ፣ በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ ይነሳ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ራውተር አይመዘግብልንም። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ከቴሌብር ነው» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው በራውተሩ በኩል አይመጣም፤ ቁጥሩን ከነገርነው በሩን ከውስጥ የምንከፍተው እኛው ነን። ለማንም አትንገሩ፤ እኔም ብሆን ብጠይቃችሁ አትንገሩኝ።

ገንዘቧን ማውጣት የምትፈልግ አባል መብቷ ነው። ከዚያ በፊት ግን ደብተሯን ይዛ ትምጣና ከመዝገቡ ጋር አብረን እናመሳክር።