ማክሰኞና ቅዳሜ

የተወደዳችሁ ምሩቃን፤

ከነገ ጀምሮ ሰው ሁሉ «አገልጋይ» እያለ ይጠራችኋል፤ መድረክም ማይክም ይሰጣችኋል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን መድረክ ስላልነበረው ሰው ነው።

አብርሃም ይባላል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች አቡ ሩሚ ይሉታል። የጎጃም ሰው ነው። ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ እስከ ሕንድ ዞሮ፣ ካይሮ ላይ ታመመ። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል አሰላን ደ ሸርቪል ረዳውና ሁለቱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተነሡ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ቆንስሉ በሩን ለእንግዳ ይዘጋል። ዐረብኛውን ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብለው ያነባሉ። ግራ ያጋባቸውን ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከግሪኩ ያመሳክራሉ። ከዚያ አብርሃም በእጁ ይጽፋል። እንዲህ ሲሉ ዐሥር ዓመት ሞላቸው፤ ጽሑፉም 9,539 ገጽ ወጣው።

አብርሃም ሥራው ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት ለብሪታንያው የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። አብርሃም አንዱንም አላየም። በዚያ መጽሐፍ ክርስቶስን ያወቁ ሰዎችም አብዛኞቹ ስሙን ሰምተው አያውቁም።

አሁን ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ወደምናነበው፣ ወደ ጋዛ ወደሚወስደው መንገድ ኑ። ፊልጶስ የኢትዮጵያን ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ ሲያገኘው ስብከት አልጀመረም። ሮጦ ቀረበ፣ ሲያነብ አዳመጠ፣ ያነበበው ገብቶት እንደሆነ ጠየቀው። ና ውጣ ሳይባል ሠረገላው ላይ አልወጣም። የጀመረውም ጃንደረባው ከሚያነበው ቦታ ነው። ከጥምቀቱ በኋላ ፊልጶስ ከዓይኑ ተሰወረ፤ ጃንደረባው ግን ደስ እያለው ጉዞውን ቀጠለ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ደስታው ከፊልጶስ ጋር አልሄደም። እኛ ዘንድ አንድ ሰባኪ ሲለቅ ጉባኤው አብሮ ሲበተን አይተናል። እንግዲያው ማንን ነበር ያሳየነው? እያመመኝ ነው የምጠይቃችሁ። የአገልጋዩ ፎቶ ገጹን ሞልቶ የኢየሱስ ስም ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈበትን ፖስተር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ለቅሶ ቤትን አስቡት። ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆሞ ስለ ትንሣኤ ረጅም ስብከት የሚያወርድ አይጠፋም፤ የሚናገረውም እውነት ነው። የራሷን ሐዘን ያሳለፈች አንዲት ጎረቤት ግን ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች። ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እሷ ማታ ማታ ብቅ ትላለች። ወራት ካለፉ በኋላ ያቺ እናት «አንቺስ ያን ሁሉ ችለሽ በምን ጸናሽ?» ብላ የምትጠይቀው እሷን ነው።

ያን ጊዜ መልስ ያስፈልጋል። «ኑሯችን ከሰበከ ይበቃል» የሚሉ የማከብራቸው ወዳጆች አሉኝ፤ በዚህ አልስማማም። ፊልጶስም አፉን ከፍቶ ተናግሯል። የተጠየቀችው ጎረቤት የጌታዋን ስም ብትደብቅ ያቺ እናት የጎረቤቷን ደግነት ብቻ ይዛ ትቀራለች፤ ደግነቱ ደግሞ ለሐዘኗ አይበቃትም።

ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ገጠር፣ አንዳንዶቻችሁ ከተማ ትመደባላችሁ። የምትሄዱበት ቦታ ሁሉ ከእናንተ በፊት የጸለዩ እናቶችና አባቶች አሉ። ያላመኑትም ቢሆኑ የራሳቸው ጥያቄ፣ የራሳቸው ቁስል አላቸው። የመጀመሪያውን ስብከት ከማዘጋጀታችሁ በፊት ቤታቸው ሂዱ፤ ቡናው እስኪፈላ ተቀምጣችሁ አጫውቷቸው፣ የሚሏችሁን ስሙ። እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን።