የታሪክ ግምጃ ቤትና የደብር ዕቃ ቤት
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር)



ደብራችን ኢዮቤልዩዋን በምታከብርበት በዛሬው ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ አስቀድሜ የአንድ የታሪክ ቤት በዓል አስታውሳችኋለሁ፤ ቀጥሎም ለእኛ የሚሆነውን ትምህርት እናገራለሁ።

በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ፥ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ፥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2013 ዓ.ም. 50 ዓመት ሞላው። የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ወዳጆቹም ማኅበር አቁመው ገንዘብ እያዋጡ መስቀሉንና ሥዕሉን እየገዙ ለሙዚየሙ አበረከቱ። ያ በዓል ክብር ያገኘው ከዓመቱ ብዛት ይልቅ በተጠበቀው መጽሐፍና ቅርስ ነው።

እኛስ የምንጠብቀው ምን አለን? ከእኛ በስተምሥራቅ በጃናሞራ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ውቤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ በእርስዋ ሊነግሡባት አስበው ነበር፤ አቡነ ሰላማንም ከግብፅ ያስመጡ እርሳቸው ነበሩ። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ድል ነሥተዋቸው፥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በዚያው አቡን እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የዘመኑን ነገር ዛሬ በዝርዝር የምናነብ፥ አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ ስለ ጻፉት ነው። ጸሐፊ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ነገር ከሁለት ትውልድ አያልፍም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወሰዳቸው። ዐፄ ዮሐንስ ግን ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በ1864 ዓ.ም. ጽፈው ጠየቁ፤ መጽሐፉም ተመለሰ። እንደዚሁም ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በኤዲንበርግ ከተማ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ሲኖር፥ ምንነቱን ያወቀ ቄስ ስላገኘው በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገባ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። በስሙ የታወቀ ዕቃ ቢጠፋ ይጠየቃል፤ ያልተመዘገበ ግን ጠፋ የሚልለት እንኳ የለውም።

ደባርቅ የስሜንን ተራራ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያልፍባት በር ናት። አብዛኛው እንግዳ ቅን ነው፤ ነገር ግን ብራና በጥቂት ብር የሚገዛ አይጠፋም፤ ለችግሩ ሲል የሚሸጥም አይታጣም። አንድ ብራና ሲወጣም የሚወጣው ጸሎቱ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን የጉልቱን፣ የርስቱንና የስጦታውን ውል በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ስለ ነበር፥ የአገሩ ታሪክ አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ፊተኛው፥ ቄሰ ገበዙና ጸሐፊው አንድ መዝገብ ያዘጋጁ፤ የመጽሐፉ ስም፣ የቅጠሉ ቁጥር፣ የሰጪው ስምና በኅዳጉ የተጻፈው ሁሉ ይግባበት። መዝገቡም ተገልብጦ አንዱ በዕቃ ቤት፥ ሁለተኛው በቤተ ክህነት ይቀመጥ። ሁለተኛው፥ መጽሐፍ ለጥገና ወይም ለንባብ ሲወጣ፥ ያወጣውና የተረከበው ሳይፈርሙ አይውጣ። ሦስተኛው፥ ፊደል የቆጠራችሁ ወጣቶች ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጣችሁ፥ ደብሩን ማን እንደ ተከለው፣ ማን እንዳገለገለበት፣ በክፉ ዘመን ንዋየ ቅድሳቱ እንዴት እንደ ተሰወረ ጠይቃችሁ ጻፉ። ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው ሁሉ አብሮት ይቀበራልና።

ታሪክ ለመጠበቅ በአዲስ አበባ ያለውን ያህል ሕንጻ አያስፈልገንም፤ አንድ መዝገብ፣ አንድ ብርዕና አንድ ታማኝ ሰው ይበቃናል። የሚመጣው ኢዮቤልዩ ሲከበር ልጆቻችን መዝገቡን ከፍተው ዕቃውን ቢቆጥሩና አንድም ሳይጎድል ቢያገኙት፥ ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ መታሰቢያ የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።