ጀልባ ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አይባልም
(በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ መንገድና በአካባቢው ለሚኖሩ አዲስ መጪ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኪኔሬት ይወርዳል። እዚያ ልጆች በዕብራይስጥ «ሚፍራሲት» የምትባለውን ባለ ሸራ ጀልባ ሲያዩ «እንሳፈር» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን አንዲት ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ስንት ሰው በደኅና ትይዛለች የሚል ነው።

አዲስ አበባ በታክሲ ስንሄድ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ካለ ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም። ጀልባ ግን የቆመችው በውኃ ላይ ነው። ሰው በተጨመረ ቁጥር ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከውኃው በላይ የሚቀረው ጎኗ ያጥራል፤ ትንሹም ማዕበል ወደ ውስጥ ይገባል። የጣና ዳር ሰዎች ይህን ከደንገል ታንኳ ያውቁታል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ታንኳዋ የምትሸከመው እየቀነሰ ይሄዳል።

ባለ ሸራ ጀልባ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ሚዛኗን ለመጠበቅ ሰዎቹ ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን መዛወር አለባቸው። ከተጨናነቁ ግን መዛወር አይችሉም። ከቆሙ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም ለፎቶግራፍ ወደ አንድ ጎን ቢሄዱ ልትገለበጥ ትችላለች። ስለዚህ መቀመጫ ቆጥሮ «ይበቃናል» ማለት አይገባም።

ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይገኛል? ከ1998 ወዲህ በአውሮፓ ለገበያ የሚቀርቡ የመዝናኛ ጀልባዎች የሰው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አላቸው። ሰሌዳው ላይ ከኤ እስከ ዲ ያለ ፊደል አለ። ኤ ለውቅያኖስ፣ ዲ ለተከለለና ጸጥ ላለ ውኃ ነው። የአንዲቱ ጀልባ ቁጥር በዲ 8፣ ውኃው በሚበረታበት በሲ ግን 6 ብቻ ሊሆን ይችላል። ጀልባዋ አንድ ሆና ሳለ ቁጥሩን የሚቀንሰው ውኃው ነው።

ሰሌዳ ለሌላት ትንሽ ጀልባ አሜሪካኖች አንድ ቀላል ስሌት አላቸው። ርዝመቷንና ስፋቷን በጫማ ለክቶ ማባዛት፣ ከዚያ ለ15 ማካፈል ነው። 16 ጫማ ርዝመትና 6 ጫማ ስፋት ያላት ጀልባ 96 ለ15 ሲካፈል 6 ሰው ትይዛለች ማለት ነው። ይህም በጸጥታ ጊዜ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ሸራ ሲዘረጋ ከዚያ ማነስ ይገባዋል።

ኪኔሬት ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በተራሮች መካከል የተኛ ሐይቅ ነው። በበጋ ጠዋት መስታወት ይመስላል፤ ከቀትር በኋላ ግን የምዕራቡ ነፋስ ድንገት ይበረታል። ጠዋት ስድስት ሰው በደኅና የወሰደች ጀልባ ከሰዓት በኋላ አራትም ሊበዛባት ይችላል።

«ትናንት አሥር ሰው ጭና በሰላም ተመልሳለች» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑ። የሞሮኮ አይሁድን በድብቅ ታመላልስ የነበረችው ትንሽ መርከብ ኤጎዝ ከዚያ በፊት 12 ጊዜ በሰላም ተጉዛ ነበር። በጥር 1961 በማዕበል ሌሊት ሰጠመች፤ 44 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። የ22ቱ አፅም በ1992 ከሞሮኮ መጥቶ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ ተቀብሯል። ኤጎዝ ባለ ሸራ አልነበረችም። ያለፈው ጉዞ ለሚመጣው ዋስ እንደማይሆን ግን ታስተምረናለች። ከዚህ ወደ ያፎ ጎዳና ወርዳችሁ በባቡሩ እስከ ሄርጽል ተራራ መሄድ ትችላላችሁ። ልጆቻችሁን ወስዳችሁ መቃብሩን አሳዩአቸው።

ከመሳፈራችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

1ኛ፦ «ለካማ አናሺም ሙታር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ለስንት ሰው ተፈቅዷል?» ማለት ነው። ነጂውንም ጨምራችሁ ቁጠሩ።

2ኛ፦ ሕፃንም ሰው ነው፤ ይቆጠራል። በጀልባ ላይ ልጅ አትዘሉ፤ እናት ውኃ ውስጥ ብትወድቅ ልጁ አብሯት ይታሰራል። ለራሱ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ።

3ኛ፦ ጃኬቱ ከሰዎቹ ቁጥር አንድ እንኳ ከጎደለ አትሳፈሩ።

በመጨረሻም ስለ ይሉኝታ አንድ ነገር ልበል። አዲስ መጪ ነንና «አላወቁም ይሉናል፤ ፈሩ ይሉናል» ብለን ዝም እንላለን። ባለጀልባው «ግቡ፣ ግቡ» ሲል እምቢ ማለት ያሳፍረናል። ነገር ግን ቤተሰቡን ሁለት ላይ ከፍሎ በየተራ መሳፈር የሚያስወስደው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ወላጅ «ሞልቷል፤ እኛ ቀጥሎ እንሄዳለን» ሲል ልጁ ይሰማል፤ ሲያድግም እንዲሁ ይላል።

መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ።