የምርምር ገንዘቡ ሲያልቅ ለገበሬው ምን ይቀራል?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር




ከውጭ አገር ለዩኒቨርሲቲ ምርምር የሚመጣ ገንዘብ ለገበሬው ምን ይፈይዳል? መልሱን ለማግኘት ከዳንግላ ወረዳ መውጣት አያስፈልግም፤ ዳንግሽታ ቀበሌ ይበቃል።

ዳንግላ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ብታገኝም አብዛኛው የሚዘንበው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። በበጋ ብዙ ማሳ ጦሙን ያድራል። በአንጻሩ በየጓሮው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ውሃው እስከ መቼ ይዘልቃል? ምን ያህልስ ያጠጣል? የሚለው ግን በልኬት አይታወቅም ነበር።

በ2006 ዓ.ም አካባቢ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ በብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ፣ ከሌሎች ተቋማት ጋር ይህንኑ ማጥናት ጀመረ። ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ በየጊዜው ለክተው የመዘገቡት የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው። ልኬታቸው ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ሲመሳከር የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም።

በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ገንዘብና በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ መሪነት የአነስተኛ መስኖ ምርምር ተካሄደ። በዳንግሽታ ጓሮዎች ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መሬቱ ሳይታረስ፣ በሣር ተሸፍኖና በጠብታ መስኖ እየጠጣ ተሞከረ። ዘዴው ውሃ እንደሚቆጥብና ምርት እንደሚጨምር ታየ። ውሃ በባልዲ ለሚቀዳ ቤተሰብ እያንዳንዱ የተቆጠበ ባልዲ የተቆጠበ ጉልበት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የድኅረ ምረቃ ጥናታቸውን እዚያው ስለሠሩ እውቀቱ አገር ውስጥ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። በ2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤአይዲን ዘጋ፤ በዚህ ገንዘብ ይካሄዱ የነበሩ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮችም ተቋረጡ። እንግዲህ የጠብታ ቱቦው ሲቀደድ መለወጫው ከየት ይመጣል? ልኬቱንስ ማን ይቀጥላል?

ስለዚህ ከዩኒየኑና ከወረዳው ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ።

1. ማኅበራቱ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጎን ለጎን የጠብታ መስኖ ቱቦና የውሃ መሳቢያ መለዋወጫ ያቅርቡ፤ ክፍያውም ሽንኩርቱ ሲሸጥ ይሁን።

2. እያንዳንዱ ማኅበር የዝናብና የጉድጓድ ውሃ ልኬት መዝገብ ይኑረው። ለጉድጓዱ ምልክት ያለበት ገመድ፣ ለዝናቡ መለኪያ ዕቃና አንድ ታማኝ መዝጋቢ ይበቃሉ። የበጋ ሽንኩርት ስንት ጥማድ እንደሚተከል የሚወሰነው በግምት ሳይሆን ይህ መዝገብ ታይቶ ይሁን።

3. በወረዳው ጥናት የሚያካሂድ ማንኛውም ተቋም ውጤቱን በአማርኛና በአዊኛ ለቀበሌው ሕዝብ ሳያስረዳ እንዳይሄድ፣ ወረዳው ሲፈቅድ አስቀድሞ ቃል ያስገባ።

የውጭ ገንዘብ ሥራ ያስጀምራል እንጂ አያዘልቅም። የሚያዘልቀው የአባላት ዕጣና የማኅበሩ ጥንካሬ ነው። ለክቶ መመዝገብን የዳንግሽታ ገበሬ አሳይቷል፤ የቀረው ማስቀጠሉ ነው።

መልካም በዓል!