ከልጅ ጆሮ ኋላ ስለሚወጣ እብጠት ለሌሞ እናቶች የተደረገ ንግግር

እናቶች ሆይ፥ እናንተም አባቶች፤ ልጅ ከጆሮው ኋላ ሲያብጥ ብዙ ሰው «ጆሮ ደግፍ ነው፥ በራሱ ይጠፋል» ብሎ ይተወዋል። ጆሮ ደግፍ የሚያሳብጠው ጉንጭንና መንጋጋን ነው። ይህኛው ግን ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ያብጣል፤ ሲነኩት ልጁ ይጮኻል፥ ትኩሳት ይይዘዋል፥ ጆሮው ወደ ፊት ተገፍቶ ይቆማል። የጆሮው መግል ወደ አጥንቱ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ እስከ አንጎል ያለው ግድግዳ ስስ ነው።

እንግዲህ ቅቤ አታፍስሱበት፥ በእሳት አታስተኩሱት፥ በምላጭም አታስበጡት። ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥተው ሆሳዕና፥ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይልኩታል።

«ከገባ ይቀድዱታል» እያላችሁ እንደምትፈሩ እናውቃለን። እኛም ልጆቻችንን ቢላዋ እንዲነካቸው አንወድም። ነገር ግን ሁሉም አይቀደድም። መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጠው እስከ 48 ሰዓት፥ ማለት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት፥ ይታያል። ትኩሳቱ ከወረደ፥ እብጠቱም ከሟሸሸ፥ ያለ ቢላዋ ይድናል። መግል ከቋጠረ ወይም ካልተሻለው ግን መግሉ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ ልጁ በመድኃኒት ተኝቶ ስለሚሠራለት ሲቀደድ አያመውም። ፊቱ ከተጣመመ፥ አንገቱ አልታጠፍ ካለ፥ ካንዘፈዘፈው ወይም አልነቃ ካለ ሐኪሙ ሁለት ቀንም አይጠብቅም። እናንተም ሌሊት ነው ብላችሁ አትደሩ።

ጆሮው ገና የሚፈስ ልጅ ያላችሁ፥ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እንደ ኩራዝ ክር ጠቅልላችሁ ጆሮው ውስጥ አድርጉለት፤ ሲርስ አውጥታችሁ ሌላ ተኩ፥ እስኪደርቅ ድረስ። ይህንም በቀን ሦስት ጊዜ አድርጉ፤ ልጁንም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩት።